ከፍ የተደረገ ጂፕ ሲንቀጠቀጥ፦ ትራንስፈር ኬዙ ላይ ምን ይሠራ?

ጎማው ተመጣጥኗል፣ ቡሎኖቹ ጠብቀዋል፣ ክሮቼራዎቹም (ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ማለትም ካርዳኑ፣ ጫፎቹ ላይ የሚታጠፍባቸው መገጣጠሚያዎች) አልላሉም ብዬ እጀምራለሁ። ይህን ሳያዩ ለትራንስፈር ኬዙ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል ለሚያካፍለው ሳጥን) መቀየሪያ ኪት የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ይቁጠሩበት።

ምልክቱ፦ ሞላው ከተቀየረ ወዲህ ፍጥነት ሲጨምር ወለሉ ይርገበገባል፤ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ንዝረቱ መልኩን ይለውጣል።

ምክንያቱ፦ ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በዘንጉ ሁለት ጫፎች ያሉት መታጠፎች እኩል ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ያጠፋል፤ መታጠፉ ሲበዛ ግን እኩልነትም አያድነውም። ይህን ችግር ደጋግሜ ያየሁት በፈረንጆች ከ1997 እስከ 2006 ሞዴል በሆነው ጂፕ ራንግለር ቲጄ ላይ ነው። በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.37 ሜትር ገደማ ስለሆነ የኋላው ካርዳን በጣም አጭር ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ክፉኛ ያጣምመዋል።

ለማረጋገጥ የፊቱን ካርዳን ፈትታችሁ ንዱት። ንዝረቱ ካልጠፋ ጥፋተኛው ከኋላ ነው። የኋላውን አውጥታችሁ ግን እንዳትነዱ! በዚህ መኪና ወደ ትራንስፈር ኬዙ ገብቶ የሚንሸራተተው የካርዳኑ ጫፍ (ተንሸራታቹ ጫፍ) ራሱ የዘይቱ መክደኛ ስለሆነ ትራንስፈር ኬዙ ዘይቱን መንገድ ላይ ያፈሰዋል።

ርካሹ መፍትሔ በትራንስፈር ኬዙ ተሸካሚ ብረት ሥር ማስረዘሚያ አስገብቶ ዝቅ ማድረግ ነው። በ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትንሽ ይረዳል። አንድ ደንበኛ ግን ራንዴላ በራንዴላ ላይ ደርድሮ መጣ፦ ሞተሩ ወደ ኋላ አዘንብሎ ማራገቢያው ሽፋኑን ይፍቃል፣ የማርሽ ማስገቢያው ዘንግ ተዛብቶ ከባዱ ማርሽ አልገባ ብሏል። ከፍ ለማለት ከፍሎ ሆዱን መልሶ ወደ ድንጋዩ ማውረድ ምን ይባላል?

ትክክለኛው ሥራ ተንሸራታቹን ጫፍ በቡሎን በሚታሰር ቋሚ ጫፍ መተካትና በትራንስፈር ኬዙ በኩል ድርብ ክሮቼራ (ሁለት ክሮቼራ አንድ ላይ የተጣመሩበት) ያለው ረዘም ያለ ካርዳን መግጠም ነው። ካርዳኑ የሚያያዝበትን የትራንስፈር ኬዙን ነባር ዘንግ ቆርጦ ጥርስ የሚያወጣ ርካሽ ኪት አለ፤ ቀዳዳው ጥቂት ከተዛነፈ አዲስ ንዝረት ገዝታችኋል። ይህንኑ ዘንግ ሙሉ በሙሉ የሚቀይረውን እመርጣለሁ። እርሱን ስትገጥሙ ቤቱ ስለሚከፈት የዘይት መሳቢያውን ቱቦ ቀለበት አትርሱ፤ ፓምፑ አየር ከሳበ ውስጡ ይቃጠላል።

ደጋግሜ የማየው ስህተት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ኪቱም ካርዳኑም ተገጥሞ ንዝረቱ እንዳለ ነው፤ ባለቤቱ ዕቃውን ይሰድባል። ሥር ገብቼ ስመለከት የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (በአክስሉ በኩል ካርዳኑ የሚያያዝበት ጫፍ) ፋብሪካው እንዳስቀመጠው ነው። በድርብ ክሮቼራ ጊዜ አፍንጫው ወደ ትራንስፈር ኬዙ ቀጥ ብሎ መመልከት አለበት፤ ኃይል ሲመጣ ስለሚነሳ ከካርዳኑ መስመር 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ይደረጋል። ለዚህም አክስሉን ከሻሲው የሚያያይዙ፣ ርዝመታቸው የሚስተካከል የላይኛ ክንዶች ያስፈልጋሉ። ካርዳኑን የምታሠሩትም ይህ ከተስተካከለና መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ የተለካ ርዝመት ዋጋ የለውም፤ እንዲህ የተሠራ አዲስ ካርዳን ሲጣል አይቻለሁ።

ሌሎቹ ብዙም አይገጥሙም። በአራት ጎማ ጉዞ ጭነት ሲበዛ ቀጭ እያለ የሚዘል ከሆነ ሰንሰለቱ ረዝሟል። የማያቋርጥ ፉጨት ኩሽኔታ ነው።

ከ2003 እስከ 2006 ሞዴል የሆነው ሩቢኮን የተባለው የቲጄ ዓይነት ከፋብሪካው ቋሚ ጫፍ ይዞ ስለወጣ ኪቱን አትግዙለት፤ ካርዳኑንና የአፍንጫውን ማዘንበል ብቻ ተመልከቱ።