የኢማክስ ፓኬጅ አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ «ፈንክሽኑ ቮይድ ነው» የሚል ካመጣ

ኢማክስ የጽሑፍና የኮድ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው፣ ፓኬጅ ደግሞ የሚጨመርበት ነገር፣ «ፈንክሽኑ ቮይድ ነው» ማለት የተጠራውን ፈንክሽን አላገኘውም ማለት ነው። ኢንተርኔቱን አይታችኋል፣ ኢማክስንም ዘግታችሁ ከፍታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ትናንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። 404 ካለ የፓኬጅ ሊስታችሁ አርጅቷል፣ ፓኬጅ ሪፍሬሽ ኮንተንትስ በሉት ያልቃል። ሲግኔቸር አልተረጋገጠም ካለና ኢማክሳችሁ ከ26.3 በፊት የወጣ ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 ጊዜው ያለፈበትን የኤልፓ (የኢማክስ የራሱ ፓኬጅ ማከማቻ) የሲግኔቸር ማረጋገጫ ቁልፍ ይዟል፣ ኢማክሱን አሳድጉት። ኦርግ (የማስታወሻ መጻፊያው ፓኬጅ) «አሰርት ቨርዥን» የሚል ስህተት ላይ ከቆመ የኦርግን ፎልደር ፓኬጆቻችሁ ከሚቀመጡበት ኤልፓ ከሚባለው ፎልደር አጥፉና ምንም የኦርግ ፋይል ሳትከፍቱ እንደገና ጫኑ።

አሁን ሰው እየደጋገመ የሚያመጣልኝ። ማጂት (ጊትን ኢማክስ ውስጥ የምንጠቀምበት ፓኬጅ) ትናንት ይሰራ ነበር፣ ዛሬ ስታተስ ሲከፍቱት ትራንዚየንት ምናምን የሚባል ፈንክሽን ቮይድ ነው ይላል። ኢኒት ፋይላችሁ (ኢማክስ ሲነሳ የሚያነበው ሴቲንግ) ውስጥ ፓኬጅ አርካይቭስ የሚለውን እዩ፣ ሜልፓም ሜልፓ ስቴብልም (ሁለቱም የፓኬጅ ማከማቻ ናቸው) ካሉበት ጣጣው እዛ ነው። ከየትም የተገኘ ኮንፊግ ሳያነቡ መለጠፍ ይሄን ነው የሚያመጣው!

ሜልፓ የመጨረሻውን ኮሚት (የኮድ ለውጥ) ወስዶ ቀኑን ቨርዥን ያደርገዋል፣ 20240115 ምናምን። ስቴብል ደግሞ የመጨረሻውን ታግ (ባለቤቱ ቁጥር የሰጠውን እትም) ወስዶ 3.3.0 ምናምን ይለዋል፣ ማንም ቁጭ ብሎ አይፈትነውም። ኢማክስ የሚያወዳድረው ቁጥር ስለሆነ ሁሌም ሜልፓ ያሸንፋል። ሰው ይሄን ሲያይ ማጂትን ብቻ ስቴብል ላይ ፒን ያደርጋል (ከዛ ብቻ እንዲመጣ ያስረዋል)፣ ፒን ግን ለዛ ለአንዱ ስም ብቻ ነው የሚሰራው፣ ማጂት የሚደገፍባቸው ትራንዚየንትና ዊዝ ኤዲተር ከሜልፓ መምጣታቸውን ይቀጥላሉ። ማጂት 3.3.0 የወጣው ኦክቶበር 2021 ነው፣ 4.0 ደግሞ ኦገስት 2024፣ ሶስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ እና በዛ ሁሉ ጊዜ ስር ያሉት ላይብረሪዎች ቆመው አልጠበቁም።

አንድ ልጅ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ፣ ኢማክስን ደጋግሞ አራግፎ ጭኗል፣ ፓኬጆቹ ግን ሆም ዳይሬክተሪው ውስጥ ስለሚቀሩ ምንም አልተለወጠም። ፎልደሩን ስከፍተው ማጂት 3.3.0 እና የ2024 ቀን የያዘ ትራንዚየንት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

መፍትሄው፦ ወይ ሁሉንም ከሜልፓ፣ ወይ ማጂትን ከነዲፔንደንሲዎቹ (ከሚደገፍባቸው ፓኬጆች ጋር) ከስቴብል። ከኢማክስ 25 ጀምሮ ፓኬጅ አርካይቭ ፕራዮሪቲስ አለ፣ ለመረጣችሁት ትልቁን ቁጥር ስጡት። ይሄ ብቻውን አይበቃም፣ ኢማክስ በራሱ ዳውንግሬድ አያደርግም። ስለዚህ ዝጉት፣ ከኤልፓ ውስጥ የማጂት፣ የማጂት ሴክሽን፣ የትራንዚየንትና የዊዝ ኤዲተር ፎልደሮችን አጥፉና ጫኑ። ኤልፓ ውስጥ ያሉትን ብቻ፣ ኢኒት ፋይላችሁን እንዳትነኩ! ከሌላ ማሽን ኮምፓይል የተደረገ ፋይል እንዳትገለብጡ፣ ማክሮዎቹ ውስጡ ተጋግረው ስለሚመጡ ያው ስህተት ይመለሳል። ሌሎች ፓኬጆችም ካጉረመረሙ ኢማክስ 29 ላይ ፓኬጅ ሪኮምፓይል ኦል በሉ።

ትራንዚየንት ከኢማክስ 28 ጀምሮ አብሮ ስለሚመጣ አልሻሻልም ሊል ይችላል፣ 29 ላይ ፓኬጅ ኢንስቶል አፕግሬድ ቢልትኢን የሚለውን አብሩት።

ስቴብል ላይ የሚፈለገው ቨርዥን የለም ካለ የዛ ላይብረሪ ባለቤት ገና ታግ አላደረገም፣ ሁሉንም ወደ ሜልፓ አዙሩ፣ የፓኬጁን ፋይል ከፍታችሁ የሚጠይቀውን የቨርዥን ቁጥር እንዳትቀንሱ። ፓኬጅ የምትሰሩ ደግሞ እባካችሁ ታግ አድርጉ፣ ዲፔንደንሲ ላይም የሜልፓን የቀን ቁጥር አትጻፉ፣ ስቴብል የሚጠቀም ሰው ያንን ቁጥር በፍጹም ሊያሟላ አይችልም።