የዱባይ የሥራ ጥሪ ሲመጣ፦ መሄድን ወይም መቅረትን እንዴት እንደሚወስኑ

ከውጭ አገር የቅጥር ደብዳቤ የደረሰው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያደርገው ደመወዙን በዕለቱ የምንዛሪ ዋጋ አባዝቶ ወደ ብር መለወጥ ነው። እኔም በ2014 ዓ.ም. ከዱባይ ለሒሳብ ሥራ በተጠራሁበት ዕለት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን 9,000 ድርሃምን በብር ስናየው ነገሩ ያለቀለት መሰለን። ሦስት ዓመት ሠርቼ ውሌ አልቆ ስመለስ ግን ያ ማባዛት ሊመለሱ ከሚገባቸው ጥያቄዎች አንዱንም እንዳልመለሰ ተረዳሁ። ይህ ጽሑፍ በሙያው ተቀጥሮ፣ ምናልባትም ቤተሰቡን ይዞ፣ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው። ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ እህቶቻችን ጉዳይ ራሱን በቻለ ሌላ ሕግ የሚመራ በመሆኑ እዚህ አልገባበትም።

1. በብር ማስላቱን ያቁሙ

የኤሚሬትስ ድርሃም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር በ3.6725 ተመን የጸና ገንዘብ ነው። የብር ምንዛሪ ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ስለዚህ በብር የተሰላ ደመወዝ አንድም ድርሃም ሳይጨመርልዎት ሊያድግ ይችላል፤ የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ትምህርት ቤቱና አስቤዛው ግን የሚከፈሉት በድርሃም ነው። ለውሳኔ የሚጠቅመው ቁጥር፣ እዚያ የሚያስፈልገው ሁሉ ተከፍሎ በወሩ መጨረሻ የሚተርፈው ድርሃም ብቻ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት አማካይ ዋጋ የሚሰጡ ድረ ገጾችን አልመክርም፤ አማካዩ የማን ኑሮ እንደሆነ አይናገሩምና። ከዚያ ይልቅ እዚያ የሚኖር አንድ የሚያውቁት ሰው ያለፈውን ወር ወጪውን በዝርዝር ጽፎ እንዲልክልዎት ይጠይቁ።

2. የቅጥር ደብዳቤውን መስመር በመስመር ይበታትኑ

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በኤሚሬትስ ደመወዝ በአብዛኛው የሚጻፈው መሠረታዊ ደመወዝና አበል ተብሎ ተከፍሎ ነው። በእኔ ደብዳቤ ግርጌ በደማቅ ቀለም የሠፈረው ጠቅላላ 9,000 ድርሃም የሚለው ነበር። ከሱ በላይ በሚገኘው ትንሽ ሠንጠረዥ ግን መሠረታዊ ደመወዝ 3,500፣ የቤት አበል 3,500፣ የትራንስፖርት አበል 1,000፣ ሌላ አበል 1,000 ተብሎ ተዘርዝሯል። በሙያዬ የሰው ሒሳብ የምመረምር ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ ገንዘቡ በየወሩ ሙሉውን እስከገባ ድረስ ክፍፍሉ ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ አለፍኩት።

ለውጡ የሚታየው ሥራው ሲያልቅ ነው። ለውጭ አገር ዜጋ እዚያ የጡረታ አበል የለም፤ በእሱ ምትክ የሚሰጠው የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ነው። ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት፣ አንድ ዓመት የሞላው ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው በየዓመቱ የ30 ቀን ደመወዝ ይከፈለዋል። ይህ የሚሰላው በመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው። እኔ ስሄድ በ9,000 አስልቼ ለሦስት ዓመት 18,900 ድርሃም ይዤ እመለሳለሁ፣ በሱም የጀመርነውን ቤት ጣሪያ እናለብሳለን ብዬ ነበር። በ3,500 ሲሰላ በዓመት 2,450፣ በሦስት ዓመት 7,350 ድርሃም ሆነ። አሠሪው አላጭበረበረኝም፤ የተፈረመበት ወረቀት ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያና ሳይወሰድ የቀረ የዓመት ፈቃድ ተመንም በዚሁ መሠረታዊ ደመወዝ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ጠቅላላው ሳይነካ የመሠረታዊው ድርሻ ከፍ እንዲል ይጠይቁ። ወርኃዊ ወጪውን ስለማይጨምርበት፣ በእኔ አስተያየት አሠሪው ከደመወዝ ጭማሪ ይልቅ ይህን ለመስማማት ይቀለዋል። መሥሪያ ቤቱ የሚገኝበትንም ያጣሩ፤ ለምሳሌ የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል የራሱ የሥራ ሕግ ያለው ሲሆን፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገልግሎት ማብቂያ ክፍያው ፋንታ አሠሪው በየወሩ ወደ ቁጠባ ፈንድ ገቢ ያደርጋል።

በዚሁ ደረጃ ሌሎች ሁለት ነገሮች ይታያሉ። በኤሚሬትስ የሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ላሉ ድርጅቶች፣ የሚፈርሙት የቅጥር ሰነድ በሚኒስቴሩ ቅጽ የተዘጋጀ መሆን ይኖርበታል፤ በኋላ የሚመዘገበው ውልም ከሱ ያነሰ ጥቅም ሊይዝ አይችልም። የምልመላና የቅጥር ወጪውን የሚሸፍነው ደግሞ በሕግ አሠሪው ነው። ለቪዛ ማስፈጸሚያ ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቁ ውሳኔው ከዚያው ላይ ያለቀ ነው፤ አይሂዱ። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ ሥራ መጀመርም ሕገ ወጥ በመሆኑ፣ ደላላው የቱንም ያህል ቢያቃልልዎት አይሞክሩት።

የሙከራው ጊዜ እስከ ስድስት ወር ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አሠሪው በ14 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትዎት ይችላል። ይህ ማለት ስድስቱ ወር እስኪያልፍ ድረስ ኑሮዎ ገና አልተሻገረም።

3. የመጀመሪያውን ወር ጥሬ ገንዘብ ያስሉ

የዱባይ ቤት ኪራይ የሚነገረው በዓመት ሲሆን በብዛት የሚከፈለውም ቀናቸው አስቀድሞ በተጻፈባቸው ጥቂት ቼኮች ነው። የዓመት ኪራዩ 48,000 ድርሃም የሆነ ቤት በአራት ቼክ ቢከራዩ፣ ቁልፉን ለመቀበል የመጀመሪያው ቼክ 12,000፣ ለአከራዩ በማስያዣነት በተለምዶ 5 ከመቶ ማለትም 2,400፣ ለደላላው ሌላ 5 ከመቶ ማለትም 2,400፣ ለመብራትና ውኃ መሥሪያ ቤቱ ማስያዣ 2,000 ያስፈልጋል። ድምሩ 18,800 ድርሃም ነው። ሌላው ቀርቶ ቼክ ለማግኘት የባንክ ሒሳብ፣ ለባንክ ሒሳቡ ደግሞ የኤሚሬትስ መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያው የሚመጣው የመኖሪያ ፈቃዱ ሂደት ሲጠናቀቅ ነው። በኋላም በየወሩ የመብራት ሒሳብ ላይ የዓመት ኪራዩ 5 ከመቶ በ12 ተከፍሎ የማዘጋጃ ቤት ክፍያ ሆኖ ይመጣል።

እኔ ይህን ባለማወቄ አንድ አልጋ ብቻ ተከራይቼ፣ እዚያ ቤድ ስፔስ በሚሉት መንገድ፣ ዴይራ በሚባለው የዱባይ ሠፈር ከአራት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል አምስት ወር ተቀመጥሁ። ሻንጣዬ ከአልጋው ሥር፣ የቢሮ ሸሚዜ በመስኮቱ ብረት ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት በጋራ መኖር በራሱ ክፉ ምርጫ አይደለም፤ ዐቅዶ ሲገቡበትና ገንዘብ አጥቶ ሲገቡበት ግን ይለያያል። ስለዚህ አሠሪው ለመጀመሪያው ወር ማረፊያ እንዲሰጥዎት ወይም የቤት አበሉን የብዙ ወር አንድ ላይ በቅድሚያ እንዲከፍልዎት ይጠይቁ። ሁለቱንም ካልፈቀደ፣ የመነሻ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ቀን አይቁረጡ።

4. ቤተሰቡን በሕጉ ሳይሆን በኪስዎ ይለኩት

ትዳር አጋርንና ልጆችን በስፖንሰርነት ለማምጣት የሚጠየቀው ዝቅተኛ ደመወዝ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ድርሃምና መኖሪያ ቤት ነው። ሕጉ ፈቀደ ማለት ግን ኑሮው ተቻለ ማለት አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዋናነት ለዜጎች የተዘጋጁ ስለሆኑ የእርስዎ ልጆች የሚገቡት የግል ትምህርት ቤት ነው። ዱባይ ውስጥ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ክፍያና የቁጥጥር ደረጃ የኤሚሬቱ የትምህርት ባለሥልጣን ይፋ ያወጣል፤ ከማንም ወሬ በፊት እሱን ይመልከቱ። የህንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳሉ፤ ነገር ግን ዓመታቸው የሚጀምረው በሚያዝያ ገደማ ሲሆን የእኛ በመስከረም ስለሆነ፣ ልጁ ወይ ግማሽ ዓመት ይደግማል ወይ ይዘልላል።

እኔ በናፍቆት ተሸንፌ፣ የሙከራ ጊዜዬ እንዳለቀ፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ሳላጣራ ቤተሰቤን አመጣሁ። ከአንድ ዓመት በኋላ ክፍያው ስላልተቻለ ተመልሰው ሄዱ፤ ልጄም በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤት ቀየረች። አማርኛ ማንበብ ገና እየጀመረች ነበርና ስትመለስ ከጓደኞቿ ኋላ ቀርታ ብዙ አለቀሰች። ከገንዘቡ ሁሉ ይልቅ ዛሬም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ወይ ከመነሻው ለብቻ ለመሄድ በግልጽ ተስማምተው ይሂዱ፣ ወይም የሙሉ ዓመቱ የትምህርት ክፍያ በእጅዎ ሲገባ ያምጧቸው።

5. ሰነዶችና ጤና

ዲግሪ፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት በአገር ውስጥ ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጀምሮ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና አዲስ አበባ በሚገኘው የኤሚሬትስ ኤምባሲ ይረጋገጣሉ። ከዚህ በፊት ግን ስምዎ በዲግሪው፣ በፓስፖርቱና በጋብቻ ወረቀቱ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ በእኔ ሰነዶች የአባቴ ስም በአንድ ፊደል በመለያየቱ ብቻ አንድ ወር ተመላልሻለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት የደም ምርመራና የደረት ራጅ ግዴታ ስለሆነ፣ ሥራዎን ከመልቀቅዎ በፊት እዚሁ ሐኪም ቤት ተመርምረው ውጤቱን ይወቁ።

6. በሐምሌ ወይም በነሐሴ ሄደው ይዩት

ከአዲስ አበባ ዱባይ በረራው አራት ሰዓት ያህል ነው። እኔ ለማየት የሄድኩት በጥር ሲሆን፣ አየሩ ለስላሳ፣ በአንድ ድርሃም ጀልባ የሚሻገሩት የዴይራ የባሕር ወሽመጥ ዳርም ደስ የሚያሰኝ ነበር። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ወቅት አውቶቡስ ጠብቆ ሥራ መግባት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ገንዘቡ ካለዎት ከሐምሌና ነሐሴ በአንዱ አንድ ሳምንት ይቆዩ፤ ከሚሠሩበት ሠፈር ሊከራዩ እስከሚችሉበት ሠፈር በጠዋትና በማታ ይመላለሱ።

7. እዚህ የሚተዉትንና የሚመለሱበትን ይጻፉ

ልጅ እዚያ ስለተወለደ ዜግነት አያገኝም፤ በቅጥር የተገኘ የመኖሪያ ፈቃድም ሥራው ሲያልቅ አብሮ ያበቃል። መመለስ ገና ከጅምሩ የዕቅዱ ክፍል መሆን አለበት። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ዕድሜው ሲደርስ በየወሩ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ይህን ሳያመዛዝን መውጣት የለበትም። ዕድሩን አያቋርጡ። ለቤትና ለንብረት የሚሰጠው ውክልና ሁሉን የሚያካትት ሳይሆን ለተወሰነ ጉዳይ ቢሆን ይሻላል። ለወላጅና ለወንድም እህት በየወሩ የሚልኩትንም መጠን ከመሄድዎ በፊት ነግረው ይሂዱ፤ ከሄዱ በኋላ መቀነስ ቅያሜ ያመጣል።

በመጨረሻ ከትዳር አጋርዎ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ስንት ድርሃም በወር ካልተረፈ፣ እስከ መቼ ድረስና በልጆች ላይ ምን ከታየ እንደሚመለሱ ይጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። የሥራ መልቀቂያ የሚገባው የመግቢያ ፈቃዱ በእጅዎ ከደረሰ በኋላ ነው፤ በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛው ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ስለሆነ፣ አዲሱ አሠሪ ይህን ጊዜ እንዲጠብቅዎት አስቀድመው ያሳውቁ።

በቅርቡ ሁለተኛ ጥሪ ደርሶኛል። ለአሠሪው በጻፍኩት መልስ መሠረታዊ ደመወዙ ከጠቅላላው 60 ከመቶ እንዲሆንና የአራት ወር የቤት አበል በቅድሚያ እንዲከፈለኝ ጠይቄያለሁ፤ ይህ እስኪረጋገጥ ድረስ የመልቀቂያ ደብዳቤዬ አልተጻፈም።