ቤዝ ጊታር በእጅ ልታሠሩ ላሰባችሁ

ሐዋሳ ላይ ለባለሙያ ቤዝ ልታዙ ከሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የእንጨቱን ድርቀት አረጋግጡ። ዋንዛ ለአካሉ ደህና ነው፤ ለመፈልፈል አያስቸግርም። እርጥቡ ከተሠራ ግን በኋላ ይጣመማል። ጥላ ሥር የሚደርቅ ጣውላ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በግምት 1 ዓመት ይፈልጋል። በየሳምንቱ ይመዘን፤ ክብደቱ መቀነሱን ካላቆመ ገና ነው። የደረቀውም ክረምት ሲገባ መልሶ እርጥበት ይስባል፣ የ4ቱ ክሮች ጉተታ ደግሞ ወደ 80 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ አንገቱ ውስጥ የሚስተካከል ትረስ ሮድ (አንገቱ እንዳይጎብጥ የሚይዝ የብረት ዘንግ) ይግባ። ባለሙያው «እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ አያስፈልግም» ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ፒካፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን)፣ ብሪጁን (አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን)ና መቃኛዎቹን ቀድማችሁ ገዝታችሁ አስረክቡ። የእነዚህ ማስገቢያ በፎቶ ልክ አይቦረቦርም፤ ጃዝ ቤዝ የሚባለው ሞዴል ሁለት ፒካፖች እንኳ ብዙውን ጊዜ በርዝመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያያሉ።

ስትረከቡ ሜትር ያዙ። የክሩ ርዝመት ከማረፊያ እስከ ማረፊያ 34 ኢንች ከሆነ ከላይኛው የክር ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመው የብረት መስመር) 43.2 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ እስከ ብሪጁም ያው ነው፣ ወፍራሙ የኢ ክር ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደኋላ መሸሻ ይፈልጋል። ብሪጁ ያንን ቦታ ካልተወ ወደ አካሉ የቀረቡት ፍሬቶች ላይ ድምፁ ቅኝቱን ይስታል።