ያልተዘጋውን ቅንፍ የተከፈተበት ቦታ ላይ ጠቁሙ

ፓርሰር (የፕሮግራም ኮድን አንብቦ መዋቅሩን የሚተነትን ፕሮግራም) ለምትጽፉ፦ ተጠቃሚው 12ኛው መስመር ላይ { ከፍቶ ሳይዘጋው ሲቀር፣ ፓርሰሩ የሚነቃው ፋይሉ ሲያልቅበት ነው። «መስመር 340፦ ያልተጠበቀ የፋይል መጨረሻ» ይላል። 340 ላይ ግን ምንም ስህተት የለም፤ ምስኪኑ ተጠቃሚ ቅንፍ ሲቆጥር ይውላል።

የመክፈቻ ቅንፍ ባጋጠማችሁ ቁጥር ምልክቱን፣ መስመሩንና ዓምዱን ስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ዝርዝር) ላይ አስቀምጡ፤ መዝጊያው ሲመጣ አንሱት። ፋይሉ አልቆ ስታኩ ላይ የቀረ ካለ፣ መልእክቱ እንዲህ ይሁን፦

መስመር 12፦ እዚህ የተከፈተው { አልተዘጋም

ከሥሩ ያንኑ መስመር አትማችሁ ቅንፉን በ ^ አመልክቱ። ይህ የሚጠቅመው ፓርሰሩ የሚሰናከልበትና ሰው የሚያርመው ቦታ ስለሚለያዩ ነው። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንም ከስሪት 3.10 ጀምሮ ያልተዘጋ ቅንፍን የሚያሳየው በዚህ መልክ ነው።

የምትቆጥሩት ቶክኖችን (ኮዱ ተከፋፍሎ የሚነበብባቸውን ቃላትና ምልክቶች) እንጂ ጥሬውን ጽሑፍ አይሁን፤ አለበለዚያ በጥቅስ ወይም በኮሜንት ውስጥ ያለ ቅንፍ ያሳስታችኋል። ደግሞ የጎደለው የውስጠኛው መዝጊያ ከሆነ፣ የውጪው መዝጊያ ለውስጠኛው ይቆጠርና ስታኩ ላይ የሚቀረው የውጪው መክፈቻ ነው። እዚህ ላይ ስታኩን ብቻ አትመኑ፤ መክፈቻውና መዝጊያው ያሉባቸው መስመሮች ከግራ ጠርዝ እኩል የማይርቁበትን የመጀመሪያ ጥንድ ፈልጋችሁ እሱንም ጨምራችሁ ጠቁሙ።