የእንግሊዝኛን ረጅምና አጭር አናባቢ እንዴት እንለያለን?

እንግሊዝኛ ጥሩ አድርጎ እየተናገረ፣ «እዚህ ነው የምኖረው» ለማለት ፈልጎ «ከዚህ እሄዳለሁ» የሚል ብዙ ሰው አለ። መኖርም መሄድም በእኛ ፊደል ሲጻፉ «ሊቭ» ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም ነው። ስለዚህ አነባበቡን በአማርኛ ፊደል የሚጽፈውን የማስተማሪያ መጽሐፍ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። በግ የሚለውንም መርከብ የሚለውንም የእንግሊዝኛ ቃል «ሺፕ» ብሎ ያልፋል።

ከጽሑፉ እንጀምር፣ እሱ ይቀላል። አናባቢዋ የራሷን ስም ከጠራች ረጅም ናት፦ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ። መጨረሻ ላይ የማትነበብ ኢ ስትመጣ ብዙ ጊዜ ከፊቷ ያለችውን ታስረዝማለች። ካፕ ኬፕ ይሆናል፣ ኪት ደግሞ ካይት። ሃቭ፣ ጊቭ እና መኖር የሚለው ሊቭ ግን ኢ እያላቸውም አጭር ናቸው። እንግሊዝኛ ቃሉን በቪ መጨረስ ስለማይወድ ነው ኢዋ የገባችው። እነዚህን መሸምደድ ነው።

ተነባቢው ሲደገም ደግሞ ከፊቱ ያለው አናባቢ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። እራት፣ ማለትም ዲነር፣ ሁለት ኤን አለው። አንዷን ስታወጡ ዳይነር ይሆናል፣ አሜሪካኖች ቀለል ያለ ምግብ ቤት የሚሉበት ቃል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ ጆሮ መጥበቅና መላላት ለምዷል፤ «ገና አልመጣም» ስንል ይላላል፣ የገና በዓል ሲሆን ይጠብቃል። እንግሊዝኛው ላይ ግን ሁለቱ ኤን አይጠብቁም። ምልክት ብቻ ናቸው።

አሁን ከባዱ፦ በጆሮና በአፍ መለየት። «ረጅም» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ሰው በጉን «ሺ...ፕ» ብሎ ይጎትታል፣ መርከቡን ያንኑ ድምፅ ቆረጥ አድርጎ ይለዋል። አይሠራም። የአናባቢው ርዝመት ከኋላው በሚመጣው ተነባቢም ይለዋወጣልና፤ ቲ ሲከተለው ያጥራል፣ ዲ ሲከተለው ይረዝማል፣ በዚህም የተነሳ አጭር የሚባለው ድምፅ አንዳንዴ ረጅም ከሚባለው እኩል ሊቆይ ይችላል። ዋናው ልዩነት ያለው አፍ ውስጥ ነው።

ለበጉ ፈገግ እንደማለት ከንፈራችሁን ወደ ጎን ሳቡ። ምላስ ወደ ላይ ይውጣ፣ ይወጠር። ይህ የእኛው ሳልስ ነው፣ «ሺ» ስንል የሚወጣው። ለመርከቡ ፊታችሁን ፍቱት፣ አገጭ ትንሽ ይውረድ፣ ምላስም ዘና ይበል። ድምፁ ከሳልስ ወደ ሳድስ ጠጋ ይላል፣ በ«ሺ» እና በ«ሽ» መካከል። ሙሉ በሙሉ ሳድስ ካደረጋችሁት ግን አለፈ። መስታወት ፊት ሞክሩት፤ በሁለቱም ቃል ፊታችሁ ያው ከሆነ ድምፁም ያው ነው። «ፑል» ላይም እንዲሁ ነው፦ ለመዋኛ ገንዳው ከንፈር ይሞጠሞጣል፣ መሳብ ለሚለው ይላላል።

ሲያጠራጥራችሁ የካምብሪጅን መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ ክፈቱ። ነፃ ነው፣ የእንግሊዝንም የአሜሪካንም አነባበብ ያሰማል። ከቃሉ ሥር አነባበቡ በልዩ ምልክቶች ተጽፏል፤ እዚያ ከአናባቢው ቀጥሎ የድሮውን የቃል መለያ ሁለት ነጥብ የሚመስል ምልክት ካያችሁ ረጅም ነው። እንደ ኬፕ እና ካይት ያሉት ግን ይህ ምልክት የላቸውም፣ በሁለት ተከታታይ ምልክት ነው የሚጻፉት።

ለመለማመድ የስልካችሁን በድምፅ መጻፊያ እንግሊዝኛ ላይ አድርጉና ቃሉን ብቻውን በሉት። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካስገባችሁት ስልኩ ከአውዱ ገምቶ ያርምላችኋል፣ እናንተም ትክክል ያላችሁ ይመስላችኋል።