ድንጋይ ተሸክሞ መቅረብ፦ ከኤለመንታል ጋር እንዴት መወዳጀት ይቻላል?

ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር እኛ ቤት ዳይስ ይጣላል። ተጫዋቾቼ አራት ናቸው፤ ታናሽ ወንድሜ፣ የአክስቴ ልጅና ሁለት የሰፈር ልጆች። ጌም ማስተሯ እኔ ነኝ። የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መጀመሪያ የታተመው አሜሪካ ውስጥ በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ግን ታሪኩን አምጥተን ዓባይ በረሃ ላይ አውርደነዋል። ለማታውቁት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ ጌም ማስተሯ ዓለሙን ትተርካለች፣ አጠራጣሪው ነገር በዳይስ ይወሰናል።

ኤለመንታል ማለት ከአራቱ ባሕርያት ከአንዱ ብቻ የተሠራ ፍጡር ነው። ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስ ወይም ከእሳት። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የሰው ሥጋ ከእነዚሁ ከአራቱ እንደተሠራ በቤተ ክርስቲያን ሲነገር ሰምተናል። በእኛ ውስጥ አራቱ ተቻችለው ይኖራሉ። ኤለመንታሉ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚፈልገውም ከዚያ ከአንዱ አይወጣም። ወርቅ አያጓጓውም። ሹመት አያጓጓውም። መሬቱ መርጋት ይፈልጋል፣ ውኃው መሄድ፣ እሳቱ መንደድ፣ ነፋሱ አለመያዝ። ድርድሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አብዛኛው ተጫዋች ኤለመንታል ሲያይ ሰይፍ ይመዛል። ሌላው ደግሞ በስፔል፣ ማለትም በአስማት፣ ጠርቶ ማዘዝ ይመርጣል። ይሄኛው የባሰ ነው። በጨዋታው ሕግ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትም ኮንጁር ኤለመንታል የሚባለው ስፔል ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው የሚቆየው። ያንን ሰዓት ሙሉ ሐሳብን ሳይበትኑ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ቀስት መጥቶ ሐሳባችሁን ከበተነው ኤለመንታሉ አይሄድም። እዚያው ቆሞ ወደ እናንተ ይዞራል። በግድ ሲያገለግል የቆየ ፍጡር እጁ ሲፈታ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም።

ስለዚህ በሰላም እንቅረብ። እኔ ለመጀመሪያው ቅጽበት የድሮውን እትም ሕግ ነው የምጠቀመው። ሁለት የሉዶ ዳይስ እጥላለሁ። ድምሩ 2 ከሆነ ፍጡሩ ወዲያው ያጠቃል፤ 12 ከሆነ ከልቡ ይወዳጃል። ከ6 እስከ 8 ከሆነ ገና አልወሰነም። ከ36ቱ አጣጣሎች 16ቱ እዚህ መሐል ላይ ናቸው የሚወድቁት። ልጆቹ ይህን ቁጥር በደንብ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ ፍጡሩ የሚጠብቀው እናንተ መጀመሪያ የምታደርጉትን ነው።

ቋንቋም አለ። ኤለመንታሎች የሚናገሩት ፕራይሞርዲያል የተባለውን ነው። የመሬቱ ቴራን፣ የውኃው አኳን፣ የእሳቱ ኢግናን፣ የነፋሱ ኦራን ይባላል። የአንድ ቋንቋ ዘዬዎች ስለሆኑ አንዱን የሚናገር ከሌላውም ጋር ይግባባል፤ የጎጃምና የወሎ አማርኛ እንደሚግባባው። ከቡድናችሁ አንድ ሰው ይህን ቋንቋ ይያዝ። ንግግሩም አጭር ይሁን። የሰው አማካይ የማሰብ ችሎታ በጨዋታው 10 ሲሆን የመሬትና የውኃ ኤለመንታል 5፣ የእሳትና የነፋስ 6 ነው። ረጅም ክርክር አይገባቸውም። የሚገባቸው በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ።

ያደግሁት ደጀን ነው። የእናቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የተጣላ ያስታርቁ ነበር። አባባ ሽምግልና ሲቀመጡ መጀመሪያ «ምን ትፈልጋለህ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። የሚጠይቁት «ምን ሆንክ?» ብለው ነበር። ተበዳዩ ጨርሶ እስኪናገር ማንም አያቋርጥም። ጥፋተኛው ደግሞ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። «አንሳው» እስኪባል ድረስ አይወርድም። ይህን ከተጫዋቾቼ ያየው ወንድሜ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር የቡድኑ መንገድ ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርደው ቁልቁለት ነበር። በእኛ ታሪክ ገና ድልድይ አልተሠራም። ግማሽ ላይ የመሬት ኤለመንታል መንገዱን ዘግቶ ተቀምጧል። ዳይሱን ጣልኩ፤ 5 ወጣ። ተቆጥቷል፣ ግን ገና አልተነሳም። የአክስቴ ልጅ ወዲያው የነጎድጓድ ስፔል አዘጋጀች። ስሌቷ ልክ ነው፤ የመሬት ኤለመንታል በነጎድጓድ እጥፍ ይጎዳል። ወንድሜ እጇን ያዝ አደረጋት።

«ቆይ። እዚህ ድንጋይ አለ?»

«ገደል ነው እኮ፤ ሁሉም ድንጋይ ነው» አልኩት።

«አንዱን አንገቴ ላይ አድርጌ እቀርባለሁ። ጎንበስ ብዬ።»

ስኒዬን አስቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። ለሰው ያ ድንጋይ የይቅርታ ምልክት ነው። ለመሬት ኤለመንታል ግን ድንጋዩ ዘመዱ ነው። ሰው ዘመዱን አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ሲመጣ ነው የሚያየው። ሰምና ወርቅ ማለት ይሄ አይደል? ኤለመንታሉን በዝግታ እንዲናገር አደረግሁት። «ለምን ተሸከምከው?» ወንድሜም «ጥፋት ካለብን ብዬ» አለ።

የ2014ቱ ሕግ እዚህ ላይ ጥሩ መሠረት ይሰጣል። ጠላት ሆኖ የቆመን ፍጡር ጉዳት የሌለውን ነገር ለማስደረግ እንኳ ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ተጥሎ 20 መምታት ያስፈልጋል። ግድ የሌለው ከሆነ ግን 10 ይበቃል። የሚገባ ንግግር ወይም እንዲህ ያለ አድራጎት ደግሞ ፍጡርን ለጊዜው ከጠላትነት ያወጣል። ድንጋዩን ሲያይ ቁጣው በረደ አልኩና 20ውን 10 አደረግሁት። ወንድሜ 11 አወጣ።

ኤለመንታሉም ብሶቱን ተናገረ። ከላይ ካለው መንደር ሰዎች መጥተው ከጎኑ ድንጋይ ፈልጠው ወስደዋል። ጠርበው ወፍጮ አድርገውታል። በሕጉ የመሬት ኤለመንታል በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ውኃ ውስጥ እንደሚሄድ ዓሣ ያልፋል፤ የሰው እጅ ያረፈበት፣ የተጠረበ ድንጋይ ግን አያስገባውም። ዘመዱ ወጥቶ ብቻ አልቀረም፤ እንደተቆለፈ በር ሆኖበታል። ልጆቹ ዝም አሉ። የአክስቴ ልጅ ስፔሏን ተወችው።

ወፍጮውን ፈልገው ሲያገኙት እህል እየፈጨች የምታድር አንዲት ባልቴት ቤት ነው። አሁን ሁለት ባለጉዳይ መጣ። ለሴትየዋ ሌላ ወፍጮ ሳይገኝላት የእሷን መውሰድ ግፍ ነው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀባቸው። ኤለመንታሉ ራሱ ከገደሉ የረገፈ፣ ማንም ያልፈለጠው ድንጋይ እንዲሰጣት ተስማማ። የድሮው ወፍጮ ወደ ቦታው ተመለሰ። መንገዱ ተከፈተ። ያ ኤለመንታል ዛሬ ቡድኑ በዚያ ሲያልፍ ልቅ ድንጋይ ይይዝላቸዋል። ሲጠሩት አይመጣም፤ እሱም ባለበት፣ እነሱም ሲያልፉ ነው። እኔ ወዳጅነት የምለው ይህንን ነው።

ከውኃ ጋር ስትደራደሩ የብርዱን ስፔል አርቁ። የውኃ ኤለመንታል በብርድ ሲመታ ከፊሉ በረዶ ሆኖ ፍጥነቱ ይቀንሳል። መሄድ ሕይወቱ ለሆነ ፍጡር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ለውኃ የሚሰጠው መንገድ ነው። የተደፈነ ምንጭ መጥረግ፣ የታገደ ቦይ መክፈት። የእኛዎቹ ጣና ላይ የነገሩት ሌላ ነበር። «እምቦጩን እንነቅልልሃለን» አሉት። ጣና ዳር የሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እምቦጭ ላዩን ሲሸፍነው ውኃው ፀሐይ ያጣል፣ ዓሣ አጥማጁም መንገድ ያጣል። ውኃ እጅ የለው፤ እኛ አለን። ሁልጊዜ እንዲህ አስቡ፤ እሱ የማይችለው፣ እኛ የምንችለው ምንድን ነው? በደንገል ታንኳ ላይ ሆነው ሁለት ቀን ነቀሉ። ማታ ማታ ታንኳው ውኃ ጠጥቶ እንዳይከብድ ዳር አውጥተው ያደርቁት ነበር። ውኃውም ይህን አይቶ በሦስተኛው ቀን ራሱ ተሸክሞ አሻገራቸው።

ከእሳት ጋር ረጅም ውል አትግቡ። እሳት ነገን አያውቅም። ክፍያው እዚያው፣ ሥራውም እዚያው ይሁን። ደረቅ እንጨት፣ ጭድ፣ የደመራ ቀን የሚያህል አንድ ሌሊት ቃል ግቡለት፤ ከተቻለ ቀድማችሁ ከምሩና አሳዩት። ስትቀርቡ የውኃ ኮዳችሁን ከኋላ አስቀምጡ። አንድ ጋሎን ውኃ ቢረጭበት ይጎዳልና ኮዳ ይዞ የመጣን ሰው ጩቤ እንደያዘ ነው የሚያየው።

ነፋስ ቶሎ ይሰለቻል። አባባ አውድማ ላይ ነፋስ ሲጠፋ መንሹን ይዘው ቆመው ቀስ ብለው ያፏጩ ነበር። ሲመጣም ያዘራሉ እንጂ አይጣሩም። ነፋስ ዜና፣ ዜማና ክፍት በር ይወዳል። ጠርሙስ፣ ጆንያ፣ የተዘጋ ክፍል በአጠገቡ አታንሱ።

ጂኒዎች ሌላ ወገን ናቸው። በጨዋታው የነፋሱ ጂኒ፣ የእሳቱ ኢፍሪት፣ የውኃው ማሪድ፣ የመሬቱ ዳኦ ይባላሉ። እነዚህ ብልህ ናቸው፤ ቃል ይቆጥራሉ። ከእነሱ ጋር ውሉን ጽፋችሁ፣ ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ተስማሙ። ስማቸው እናቴን መጀመሪያ አስደንግጧት ነበር። «ልጄ፣ ምንድን ነው የምትጠሩት?» አለችኝ። አንድ ቅዳሜ አጠገባችን አስቀምጫት ስትሰማ ተረት መሆኑ ገባት። የእናንተም ቤተሰብ ከጠየቀ አስቀምጣችሁ አሰሟቸው።

ጌም ማስተር ከሆናችሁ አንድ ደብተር ያዙ። የተገባውን ቃል ሁሉ ጻፉበት፤ ማን፣ ለማን፣ እስከ መቼ። ተጫዋቾቹ ይረሳሉ። ፍጡሩ አይረሳም፤ ከእሳት በቀር። ቃል ሲፈርስ ወዲያው አታስቀጡ፤ መጀመሪያ ምልክት ስጡ። ምንጩ ይደፍርስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር ይንከባለል። ልጆቹ ምልክቱን ካዩ ተመልሰው ይክሳሉ።

በሚመጣው ቅዳሜ ነፋስ ፍለጋ ጮቄ ተራራ ይወጣሉ። ወንድሜ ከአሁኑ ዋሽንት ተውሶ ጓሮ ውስጥ እየተለማመደ ነው።