ወሬው ጠብ ሳይሆን፦ ለሐዋሳ የዕድርና የማኅበራት ጥምረት የሚሆን አሠራር

ግጭት ብዙ ጊዜ ቀን ቆርጦ ነው የሚመጣው። የሲዳማን የክልልነት ጥያቄ በተመለከተ ሕዝበ ውሳኔ ለማካሄድ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 የተቀመጠው የአንድ ዓመት ገደብ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. እንደሚያበቃ ከተማው ሁሉ ከወራት በፊት ያውቅ ነበር፤ ያም ሆኖ ቀኑ ሲደርስ የሰው ሕይወት ጠፋ። ስለዚህ ጥምረቱ ሥራውን የሚጀምረው የዓመቱን የስጋት መቁጠሪያ በማዘጋጀት ነው፦ ምርጫ፣ ጥምቀት፣ የወሰንና የመሬት ውሳኔዎች፣ ደጋፊ የሚያፋጥጥ የኳስ ጨዋታ። የፊቼ ጫምባላላ (የሲዳማ ዘመን መለወጫ) ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ አያንቶዎች፣ ማለትም ከዋክብት አይተው ቀኑን የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች፣ እንዳሳወቁ ይመዝገብ፤ የሰኔ 2010ሩ ግጭት የተነሳው በዚያ ሰሞን ነበር።

አባላት ከ12 እስከ 15 ይበቃሉ። ከዚያ ካለፈ ጥምረት መሆኑ ቀርቶ ስብሰባ ይሆናል። የዕድር ዳኞች፣ የባጃጅ ማኅበር፣ የገበያ ነጋዴ ሴቶች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ቤት የሚያከራዩ ሰዎች ይግቡበት። ከየክፍለ ከተማው፣ ቱላን ጨምሮ፣ ሰው ይኑር። ሽማግሌ ብቻ ከሆነ ወጣቱ አይሰማም፤ የአንድ ብሔረሰብ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላው አያምንም። በሕግ በኩል መንገዱ ክፍት ነው፦ አዋጅ 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከግጭት አፈታት ሥራ አግዶ ነበር፤ በአዋጅ 1113/2011 ተሽሯል።

ዋናው ሥራ ወሬ ማጣራት ነው። ለእያንዳንዱ መረጃ አራት ነገር ይጻፍ፦ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ነጋሪው ዐይቶ ነው ወይስ ሰምቶ። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ «ታቦር ክፍለ ከተማ ቤት እየተቃጠለ ነው» የሚል መልእክት በቴሌግራም ቢመጣ፣ እዚያው ሰፈር ለሚኖሩና እርስ በርስ ለማይገናኙ ሁለት ሰዎች ይደወላል። አንድ ሰው ለአምስት ሰው የላከውን አምስት ምስክር አድርጎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው። ፎቶ ካለ ጥላውን፣ የሱቅ ጽሑፉን፣ የታርጋውን ዓይነት ዕዩ፤ ብዙው የቆየ ወይም የሌላ ከተማ ነው። ማስተባበያው አጭር ይሁን፣ በአማርኛም በሲዳምኛም ይውጣ፤ ሐሰተኛውን ወሬ መልሳችሁ አታሰራጩ። ግርግር ሲነሳ ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል የስልክ ሰንሰለት አስቀድማችሁ ሥሩ፦ አንዱ ለሦስት፣ ሦስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለሦስት።

ከወሬ ውጭ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። አከራይ ተከራዩን በብሔሩ ምክንያት «ልቀቅ» ማለት ሲጀምር፣ ባጃጆች አንድን ሰፈር ሲሸሹ፣ ሱቅ ያለ ሰዓቱ ሲዘጋ፣ ቤተሰብ ልጆቹን ወደ ዘመድ ሲልክ። ከእነዚህ ሁለቱ በአንድ ሰፈር በአንድ ሳምንት ከታዩ አስተባባሪው በ24 ሰዓት ውስጥ አባላቱን ይጥራ። የተቧደኑ ወጣቶችን ሄዶ የሚያነጋግረው የሚያውቁት የሰፈራቸው ሰው እንጂ ከጽሕፈት ቤት የመጣ አይሁን፤ ሽማግሌዎቹም ከሁለቱም ወገን ጥንድ ሆነው ይግቡ። በሕይወት ላይ አደጋ ሲኖር ግን ማጣራት አይጠበቅም፣ ወዲያው ፖሊስና አምቡላንስ ይጠራል፤ የቀይ መስቀል 907 ነው።

ጥምረት የሚፈርሰው ባብዛኛው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጆሮ ጠቢ የሚል ስም ሲወጣለት ነው። መዝገቡ ላይ የነጋሪው ስም አይግባ፣ ቁጥር ይበቃል፤ ለፖሊስ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገርም አስቀድሞ በጽሑፍ ስምምነት ይደረስበት። ሁለተኛው አበል ነው። ፕሮጀክት ሲኖር አዳራሹ ይሞላል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል። ስለዚህ ገና ከጅምሩ የትራንስፖርትና የስልክ ካርድ ብቻ ይከፈል፣ ስብሰባውም በዕድር ድንኳን ወይም በቤተ እምነት ግቢ ይሁን።

በየሦስት ወሩ የስልክ ሰንሰለቱን ያለ ማስጠንቀቂያ ፈትኑ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልተገኘ አባል ካለ ምክንያቱ ይጠየቅ፤ ቁጥሩ ተቀይሮ ከሆነ ይታረም፣ ከተማውን ለቆ ከሆነ በዚያው ሳምንት ከዚያው ሰፈር ሰው ይተካ።